ከጥምቀት በፊት የሆቴሉን ራውተር ማዋቀር፦ መቀየር፣ መፈተሽ፣ ከዚያ ማስቀመጥ

በጥር የመጀመሪያ ቀናት ጎንደር ውስጥ ባዶ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። ክፍል ያገኘው እንግዳም ሻንጣውን ሳያሳርፍ የሚጠይቀው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃሉን በትክክል አስገብቶም ስልኩ «የአይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ ይቆይና ተስፋ ይቆርጣል። እንግዳ ተቀባዩ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ለጊዜው የተሻለው ይመስላል፤ አመሻሽ ላይ ግን ቅሬታው እንደገና ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን መስመሩ አልተበላሸም። ራውተሩ ለስልኮቹ የሚያድለው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ አልቆበታል። መፍትሔው አንድ አጭር ትእዛዝ ነው። ከባዱ ትእዛዙን ማወቅ ሳይሆን የት እንደሚጻፍ፣ መሥራቱ እንዴት እንደሚረጋገጥና መቼ እንደሚቀመጥ ማወቅ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት የሲስኮ ራውተር ላለው ሆቴል፣ ፔንሲዮን ወይም ቢሮ ኃላፊነቱ ለተሰጠው ሰው ነው። ምሳሌዬ በፒያሳ አካባቢ ያለ፣ ከሥሩ ካፌ የከፈተ መካከለኛ ሆቴል ይሁን። የሌሎች ብራንዶች ልዩነት ወደ ኋላ ላይ ይመጣል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው፤ ራውተሩ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ነው። የኮምፒውተራችሁ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በርቶ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥፉት። የፊደል አጣጣሉን ለማያስታውስ ሰው ራውተሩ ራሱ ይረዳል፦ የቃሉን የመጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ፊደላት ጽፋችሁ የታብ ቁልፉን ብትጫኑ ቀሪውን ይሞላዋል። የጥያቄ ምልክት ብትጽፉ ደግሞ በዚያ ቦታ ሊጻፉ የሚችሉትን ቃላት ሁሉ ከነማብራሪያቸው ይዘረዝራል። ይህ የጥያቄ ምልክት ከማንኛውም የሥልጠና ወረቀት ይበልጣል፤ ሳታፍሩ ተጠቀሙበት።

ሁለቱ የቅንብር ቅጂዎች

ራውተሩ ቅንብሩን በሁለት ቦታ ይይዛል። አሁን እየሠራበት ያለው ረኒንግ-ኮንፊግ ይባላል፤ ያለው ራም ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ራውተሩ በተነሣ ቁጥር የሚያነበው ስታርታፕ-ኮንፊግ ይባላል፤ እርሱ የሚኖረው ኤንቪራም በሚባለው፣ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን በማይለቅ ማህደረ ትውስታ ላይ ነው። አንድ ትእዛዝ ጽፋችሁ ኢንተር ስትጫኑ ለውጡ የሚገባው ወደ መጀመሪያው ነው። በዚያው ቅጽበት ሥራ ይጀምራል፤ ወደ ሁለተኛው ግን እናንተ ካላሻገራችሁት አይሻገርም። ቤት በቃል ተስማምቶ እንደመከራየት ነው፤ ተከራዩ ገብቶ መኖር ጀምሯል፣ ውሉ ግን አልተፈረመም።

አብዛኞቹ መመሪያዎች እዚህ ላይ «ማስቀመጥ እንዳትረሱ» ብለው ያልፋሉ። እኔ በዚህ ብቻ አልስማማም። ያልተቀመጠ ለውጥ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ስህተት ከሆነ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ሁሉን ወደነበረበት ይመልሳል። ስህተቱን ካስቀመጣችሁት ግን ያ በር ተዘጋ፤ አጥፍታችሁ ብታበሩ የሚነሣው ያው ስህተት ነው። በሌላ በኩል እኛ ያለንበት ከተማ መብራት ሳይናገር የሚሄድበት ነው። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል እንኳ መብራቱ ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልተቀመጠውን ሁሉ ያጣል። ስለዚህ ሃያ ለውጥ አከማችቶ ማታ ላይ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥም፣ ሳያረጋግጡ በየመስመሩ ማስቀመጥም ያስከፍላል። የሚሻለው አንድ ለውጥ ማድረግ፣ እሱን መፈተሽ፣ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ራውተሩ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ቢሰካ ደግሞ ረጋ ብላችሁ ትሠራላችሁ።

ደረጃ 1፦ በኮንሶል መግባት

በራውተሩ አካል ላይ «ኮንሶል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ዙሪያው ወይም ጽሑፉ ሰማያዊ ነው። ቅርጹ የኔትወርክ ገመድ ከሚሰካበት ጋር አንድ ነው፤ ተራውን የኔትወርክ ገመድ ብትሰኩበት ግን አይሠራም። የሚያስፈልገው የኮንሶል ገመድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ውሃ ሰማያዊ ሲሆን ጠፍጣፋ ነው። የድሮው ዓይነት ሌላው ጫፍ ዘጠኝ እግር ያለው ሲሆን የዛሬ ላፕቶፖች ይህን የሚቀበል ቀዳዳ የላቸውም። ስትገዙ ጫፉ ዩኤስቢ የሆነውን ጠይቁ። አዳዲስ ራውተሮች ከዚህ በተጨማሪ ትንሽ የዩኤስቢ ኮንሶል ቀዳዳ አላቸው።

ላፕቶፑ ላይ ፑቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። የግንኙነቱን ዓይነት ሲሪያል አድርጉ። ገመዱ ስንተኛውን ኮም ቁጥር እንደያዘ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፍጥነቱ 9600፣ የዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1። ፍሎው ኮንትሮል የሚለውንም ወደ «የለም» ቀይሩት፤ ፑቲ በራሱ ሌላ ነገር መርጦ ስለሚጠብቃችሁ ይህን ሳይቀይሩ ብዙ ሰዓት የሚያጠፉ አሉ። ከዚያ ግንኙነቱን ከፍታችሁ ኢንተር ደጋግማችሁ ተጫኑ። ትርጉም የሌለው የፊደል ዝብርቅ ከመጣ ፍጥነቱ አልተገጣጠመም ማለት ነው።

በኤስኤስኤች (ራውተሩን በኔትወርክ ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግል ግንኙነት) መግባት ይቻላል፤ ምቹም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ኮንሶሉን ምረጡ፤ ኔትወርኩን ብታበላሹት እንኳ ኮንሶሉ አይቋረጥም። ራውተሩ አዲስ ከሆነና የመነሻ ጥያቄና መልስ ልጀምር ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ «ኖ» በሉት።

ደረጃ 2፦ ከመንካት በፊት ማየት

ጠቋሚው ከፊቱ የያዘው ምልክት የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ከስሙ ቀጥሎ > ካለ ጥቂት ነገር ማየት ብቻ ይፈቀድላችኋል። # ካለ ሁሉን ማየት፣ ማስቀመጥ፣ ራውተሩን ማስነሣት ትችላላችሁ። በቅንፍ ውስጥ ኮንፊግ የሚል ከተጨመረ የምትጽፉት ሁሉ ቅንብር ይቀይራል። ማንኛውንም ነገር ከመጻፍ በፊት ይህን ምልክት የማንበብ ልማድ ይኑራችሁ።

ራውተር> ኢኔብል
ራውተር# ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ

ኢኔብል የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ስትጽፉት ኮከብም ሆነ ነጥብ አይታይም፤ ቁልፉ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛው ትእዛዝ የራውተሩን በሮች (ኢንተርፌስ የሚባሉትን የኔትወርክ መገናኛዎች) ከነአድራሻቸው ያሳያል። ከአንዱ በር ፊት «አድሚኒስትሬቲቭሊ ዳውን» የሚል ካያችሁ ገመዱ ተነቅሎ ሳይሆን በሩ በትእዛዝ ተዘግቶ ነው፤ የሚከፍተው በዚያ በር ሥር የሚጻፈው «ኖ ሻትዳውን» ነው።

ቀጥሎ አድራሻ የሚያድለውን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን ክፍል እዩ።

ራውተር# ሾው ረኒንግ-ኮንፊግ | ሴክሽን ዲኤችሲፒ

በምሳሌ ሆቴላችን የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦

አይፒ ዲኤችሲፒ ኤክስክሉድድ-አድሬስ 192.168.10.1 192.168.10.20
አይፒ ዲኤችሲፒ ፑል እንግዳ
 ኔትወርክ 192.168.10.0 255.255.255.0
 ዲፎልት-ራውተር 192.168.10.1
 ዲኤንኤስ-ሰርቨር 8.8.8.8

እዚህ ላይ ሒሳቡን እንሥራ። ይህ ኔትወርክ ለመሣሪያ ሊሰጡ የሚችሉ 254 አድራሻዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 20 ለራውተሩ፣ ለካሜራና ለፕሪንተር ተብለው ተለይተዋል። ለእንግዳ የቀሩት 234 ናቸው። ለ40 ክፍሎች ይህ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ከፑሉ (ለማደል ከተዘጋጀው የአድራሻ ክምችት) ሥር ሊዝ የሚል፣ አድራሻው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከራይ የሚወስን መስመር የለም፤ ሊዝ ካልተጻፈ ሲስኮ አድራሻውን ለአንድ ሙሉ ቀን ያከራያል። ከሥር ካፌው ገብቶ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ የወጣ ሰው አድራሻውን እስከ ነገ ይዞ ይሄዳል። በተራ ቀን ችግር የለውም። በከተራ ዕለት ግን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እስኪወርዱ ድረስ ካፌው ስንት ሰው ሲያስተናግድ እንደሚውል ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል።

ፑሉ ምን ያህል እንደተያዘ በ«ሾው አይፒ ዲኤችሲፒ ፑል» ይታያል። የተከራየው ቁጥር ወደ 234 ከተጠጋ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

ኔትወርኩን ማስፋት ሌላው መንገድ ነው። ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 255.255.254.0 መቀየር 510 አድራሻ ይሰጣል። ሆኖም ያኔ የራውተሩን በር ራሱንም፣ አድራሻቸው በእጅ የተሰጣቸውን ካሜራዎችና ፕሪንተሮችም መንካት ሊኖርባችሁ ነው። በበዓል ሳምንት ይህን የሚጀምር ሰው እንቅልፍ የጠላ ነው። ለግንቦት አቆዩት።

ደረጃ 3፦ የቀድሞውን ቅንብር ቅጂ መያዝ

ራውተር# ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ፍላሽ:ቅድመ-ለውጥ

የፋይሉን ስም እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ ኢንተር ተጫኑ። በራውተሩ ፍላሽ (ፋይል በሚያስቀምጥበት ማከማቻ) ላይ የዛሬው ቅንብር ተቀመጠ። ራውተሩ ራሱ ቢቃጠል ግን ይህ ቅጂ አብሮት ስለሚሄድ ሁለተኛ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ይኑራችሁ። ቀላሉ ዘዴ ፑቲ የሚታየውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ፋይል እንዲጽፍ አዝዞ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ማለትና «ሾው ረኒንግ-ኮንፊግ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ በየገጹ «ሞር» እያለ እንዳይቆም ያደርገዋል።

ያን ፋይል በቴሌግራም ቡድን ላይ ለጥፋችሁ እርዳታ ከመጠየቃችሁ በፊት የይለፍ ቃሎቹን አውጡ። ከይለፍ ቃሉ በፊት 7 ቁጥር ያለበት የሲስኮ ምስጢር የተሸፈነ ይመስላል እንጂ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ የሚነበብ ነው። ለኢኔብል «ፓስወርድ» ሳይሆን «ሲክሬት» የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ ማዋቀሪያ ሞድ መግባትና መቀየር

ራውተር# ኮንፊገር ተርሚናል
ራውተር(ኮንፊግ)# አይፒ ዲኤችሲፒ ፑል እንግዳ
ራውተር(ዲኤችሲፒ-ኮንፊግ)# ሊዝ 0 2
ራውተር(ዲኤችሲፒ-ኮንፊግ)# ኤንድ

በእያንዳንዱ መስመር ጠቋሚው እንዴት እንደተለወጠ ልብ በሉ። ኮንፊገር ተርሚናል ወደ አጠቃላይ ማዋቀሪያው አስገባን። የፑሉን ስም ስንጽፍ ወደ ፑሉ ውስጥ ገባን። የፑሉን ስም ቀድሞ የነበረውን ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉ፤ አንድ ፊደል ከሳታችሁ ራውተሩ ስህተት ነው አይልም፤ አዲስና ባዶ ፑል ይፈጥርላችኋል። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል።

ከሊዝ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ ናቸው። «ሊዝ 0 2» ዜሮ ቀን ከሁለት ሰዓት ነው። ዜሮውን ዘለላችሁ «ሊዝ 2» ብትሉ ግን ሁለት ቀን ሰጣችሁ፤ ችግሩን በእጥፍ አባዛችሁት። ለምን ሁለት ሰዓት? ስልክ የተከራየው ጊዜ ሲጋመስ በራሱ ዕድሳት ይጠይቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ እንግዳ በየሰዓቱ ሳያውቀው እያሳደሰ ይቀጥላል፤ ካፌ ገብቶ የወጣው ብቻ አድራሻውን ይለቃል። አሥር ደቂቃ ማድረግም ይቻላል፤ ለሆቴል ግን ጥቅሙ አይታየኝም።

ኤንድ የሚለው ቃል ከየትም ጥልቀት በአንድ ጊዜ ወደ # ያወጣችኋል፤ የኮንትሮል ቁልፍን ይዞ ዜድን መጫንም ያው ነው። ኤግዚት ግን አንድ እርከን ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳል። ማዋቀሪያ ውስጥ ሆናችሁ የሾው ትእዛዝ ካስፈለጋችሁ መውጣት አይጠበቅባችሁም፤ ከፊቱ «ዱ» ጨምሩበት። የጻፋችሁትን ለመሻር ያንኑ መስመር ከፊቱ «ኖ» ጨምራችሁ ጻፉት። «ኖ ሊዝ» ብትሉ ወደ አንድ ቀኑ ይመለሳል።

ራውተሩ ሲያኮርፍ በሦስት ዓይነት ይናገራል። ትእዛዙ አልገባኝም ካለ ከመስመሩ ሥር ^ ምልክት ያስቀምጣል፤ ስህተቱ ከምልክቱ ራስ ላይ ካለው ፊደል ይጀምራል። ትእዛዙ ጎደሎ ነው ካለ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና ምን እንደቀረ ጠይቁት። አሻሚ ነው ካለ ቃሉን አብዝታችሁ አሳጥራችኋል። ቃላትን ማሳጠር የተፈቀደ ነው፤ ባለሙያዎች «ኮንፍ ቲ» ብለው ነው የሚገቡት፤ ለሌላ ሰው በምትተዉት ማስታወሻ ላይ ግን ሙሉውን ጻፉ።

አንድ ቃል ስትስቱ ራውተሩ ቃሉን የኮምፒውተር ስም አድርጎ በመውሰድ ኔትወርክ ላይ ሊፈልገው ሄዶ ያስጠብቃችኋል። ኮንትሮልን፣ ሺፍትን እና 6ን አንድ ላይ መጫን ፍለጋውን ያቋርጠዋል። ዳግመኛ እንዳይሆን ማዋቀሪያ ውስጥ «ኖ አይፒ ዶሜይን-ሉክአፕ» በሉ። ይህን ስታደርጉ ራውተሩ ራሱ ስሞችን መፈለጉን ያቆማል፤ የእንግዶቹ ስልኮች ግን አይነኩም። እየጻፋችሁ ሳለ የራውተሩ መልእክቶች መሐል እየገቡ መስመራችሁን ከቆራረጡት ደግሞ «ላይን ኮን 0» ሥር ገብታችሁ «ሎጊንግ ሲንክሮነስ» ጻፉ።

ደረጃ 5፦ መፈተሽ

ለውጡ ገብቷል ማለት ሠርቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሴክሽን ዲኤችሲፒ የሚለውን ትእዛዝ ደግማችሁ የሊዙ መስመር በትክክለኛው ፑል ሥር መቀመጡን እዩ። ከዚያ ዋይፋዩን ያልያዘ ስልክ አገናኙና፦

ራውተር# ሾው አይፒ ዲኤችሲፒ ባይንዲንግ

ዝርዝሩ ውስጥ የዚያ ስልክ አድራሻ የሚያበቃበት ሰዓት ከአሁኑ የራውተሩ ሰዓት በሁለት ሰዓት የሚበልጥ መሆን አለበት። ሌሎቹ አሁንም ነገ የሚል ሊያሳዩ ይችላሉ። አትደንግጡ፤ ቀድሞ የተከራዩት ስልኮች የድሮውን ውል እስኪያድሱ ድረስ ይዘው ይቆያሉ። ይህ ለውጥ በከተራ ዕለት ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢሠራ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

«ክሊር አይፒ ዲኤችሲፒ ባይንዲንግ *» ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጸዳል፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ይህን አልመክርም። ስልኮቹ አድራሻቸው እንደተሰረዘ አያውቁም፤ በያዙት ይቀጥላሉ። ራውተሩ አድራሻ ከመስጠቱ በፊት በፒንግ (የሚመልስ መሣሪያ እንዳለ በሚጠይቅ አጭር መልእክት) ይሞክራል፤ ግን ስክሪኑ ጠፍቶ ያንቀላፋ ስልክ ላይመልስ ይችላል። ያኔ አንድ አድራሻ ለሁለት ሰው ይደርሳል።

የሰዓቱ ነገር ግራ እንዳያጋባችሁ። ራውተሩ የሚቆጥረው በ24 ሰዓትና በጎርጎርዮሳዊው ቀን ነው። ከቀኑ 8:30 የሚሆነውን 14:30 ይለዋል፤ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.ን ደግሞ ጃንዋሪ 16 ቀን 2026 ይለዋል። ሰዓቱ ጨርሶ የተሳሳተ ከሆነ ማዋቀሪያ ውስጥ «ክሎክ ታይምዞን ኢኤቲ 3» በሉና ወጥታችሁ ከ# ላይ፦

ራውተር# ክሎክ ሴት 14:30:00 16 ጃንዋሪ 2026

የቅጂ ፋይሎቻችሁን ስትሰይሙም አንዱን የዘመን አቆጣጠር ያዙ። «2018-05-08» የሚል ፋይል ለአንዱ ጥር 8 ነው፤ ለሌላው የዛሬ ብዙ ዓመት የሆነ የግንቦት ቅጂ ይመስላል። እኔ ከራውተሩ መዝገብ ጋር እንዲገጥም በጎርጎርዮሳዊው ቀን መሰየምን እመርጣለሁ።

ደረጃ 6፦ ማስቀመጥ

ራውተር# ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ

የመድረሻውን ስም ሲጠይቅ ምንም ሳትጽፉ ኢንተር ተጫኑ። ቅንብሩን አዘጋጅቶ «ኦኬ» ሲል ተቀምጧል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ምንጩ ይቀድማል፣ መድረሻው ይከተላል። «ራይት ሜሞሪ» የሚለው የድሮ ትእዛዝም ያንኑ ይሠራል፤ አጭር ስለሆነ የለመደው ብዙ ነው።

ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውን የሚጠራጠር ሰው ይህን ይጻፍ፦

ራውተር# ሾው አርካይቭ ኮንፊግ ዲፈረንስስ ኤንቪራም:ስታርታፕ-ኮንፊግ ሲስተም:ረኒንግ-ኮንፊግ

በ+ የሚጀምር መስመር በሚሠራው ላይ ኖሮ በተቀመጠው ላይ የሌለ ነው፤ በ- የሚጀምረው ተቃራኒው ነው። ይህ ትእዛዝ ከማስቀመጥ በፊትም ይጠቅማል፤ ሌላ ሰው ሳያስቀምጥ የተወው ለውጥ ካለ ከእናንተው ጋር አብሮ ሊቀመጥ ነውና።

ከሩቅ ሆኖ አደገኛ ለውጥ ማድረግ

የሊዝ ለውጥ ቢበላሽም ከራውተሩ አያስወጣም። የበር አድራሻ፣ የመውጫ መስመር (ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው መንገድ) ወይም የማገጃ ዝርዝር መቀየር ግን የተቀመጣችሁበትን ቅርንጫፍ ሊቆርጠው ይችላል። አዘዞ ሆናችሁ የፒያሳውን ሆቴል ራውተር በኤስኤስኤች እየነካችሁ ነው እንበል፤ የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢው አዲስ አድራሻ ሰጥቷል። አዲሱን አድራሻ ጽፋችሁ ኢንተር በተጫናችሁበት ቅጽበት እናንተን የያዘው የድሮው አድራሻ ጠፋ። መስኮቱ ይደርቃል። የመውጫ መስመሩን የሚቀይረው ሁለተኛው ትእዛዝ ሳይጻፍ ቀረ።

ለዚህ የሚሆን የማዳኛ ዘዴ አለ። ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት፦

ራውተር# ሪሎድ ኢን 10

ራውተሩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ያነሣል። ከተቆረጣችሁ ያልተቀመጠው ለውጥ ይጠፋል፣ የድሮው ቅንብር ይነሣል፣ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ያልተቀመጠ ለውጥ ጥቅም አለው ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል። በመሐል «ቅንብሩ ተቀይሯል፤ ላስቀምጠው?» ብሎ ከጠየቀ ቆም በሉ። ጥያቄው የሚመጣው ገና ያልተቀመጠ ነገር ስላለ ነው። ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ «ኖ» በሉና ትእዛዙን ሰርዛችሁ መጀመሪያ ልዩነቱን እዩ።

አሁን ሁለቱን ለውጦች አንድ በአንድ ሳይሆን አንድ ላይ አስገቡ። በጽሑፍ ፋይል አዘጋጅታችሁ በፍላሽ ላይ አስቀምጡና «ኮፒ ፍላሽ:አዲስ-አድራሻ ረኒንግ-ኮንፊግ» በሉ፤ ግንኙነቱ ቢቆረጥም ራውተሩ ፋይሉን እስከ መጨረሻው ያነበዋል። ፋይሉ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ከተለየው የአድራሻ ክልል የተወሰዱ ናቸው፦

ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 0/0
 አይፒ አድሬስ 203.0.113.10 255.255.255.248
ኤግዚት
ኖ አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 203.0.113.1
አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 203.0.113.9
ኤንድ

አራተኛው መስመር የድሮውን መውጫ ይሽራል። እርሱን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ወደ ረኒንግ-ኮንፊግ መቅዳት ያለውን አጥፍቶ አይተካም፣ በላዩ ላይ ይጨምራል እንጂ። ሙሉ በሙሉ የሚተካው «ኮንፊገር ሪፕሌስ ፍላሽ:ቅድመ-ለውጥ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለስ ስትፈልጉ የምትጠቀሙት እርሱን ነው።

በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ከገባችሁ፣ ወደ ውጭ ፒንግ ከደረሰ፣ ሆቴሉ ውስጥ ያለ ሰውም ስልኩ እንደሠራለት ከነገራችሁ፦

ራውተር# ሪሎድ ካንስል

ከዚያ አስቀምጡ። ካንስሉን ረስቶ ማስቀመጥ ቅንብሩን አይጎዳም፤ እንግዶቹ ግን ቪዲዮ እያዩ ኢንተርኔቱ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋባቸዋል። ይህን ዓይነቱን ሥራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚሠሩት ለዚህ ነው። በራውተሩ አቆጣጠር 04:00 መሆኑ ነው።

በሌሎች ብራንዶች ላይ

ሁዋዌ በመንፈሱ ለሲስኮ ቅርብ ነው። «ሲስተም-ቪው» ወደ ማዋቀሪያው ያስገባል፤ ጠቋሚው ከ< > ወደ [ ] ይቀየራል። ሾው የሚለው «ዲስፕሌይ»፣ ኖ የሚለው «አንዱ» (ሻር እንደማለት) ይሆናል፤ ማስቀመጫው ከማዋቀሪያው ወጥቶ የሚጻፈው «ሴቭ» ነው። እዚህም ካላስቀመጣችሁ መብራቱ ሲሄድ ለውጡ ይሄዳል።

ማይክሮቲክ ግን እስካሁን ያልኩትን ይገለብጠዋል። የተጻፈ ሁሉ ወዲያው ይሠራል፤ ወዲያውም ይቀመጣል። አጥፍቶ ማብራት ስህተትን አያድንም። ስለዚህ አደገኛ ነገር ከመንካት በፊት ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤክስን ተጫኑና ሴፍ ሞድ ውስጥ ግቡ፤ ግንኙነቱ ከተቆረጠ በዚያ ሞድ ውስጥ የተደረገውን ሁሉ ራሱ ይመልሰዋል። ሁሉም ደህና ከሆነ ኮንትሮልና ኤክስን ደግማችሁ ስትጫኑ ለውጡ ይጸናል። የሲስኮ እጅ ያለው ሰው ማይክሮቲክ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው።

ጁኒፐር ደግሞ በተቃራኒው ይጠነቀቃል። የምትጽፉት ሁሉ በረቂቅ ላይ ይቆያል፤ «ኮሚት» እስክትሉ ድረስ አንዱም አይሠራም። «ኮሚት ኮንፈርምድ» ካላችሁ ለውጡ ይሠራል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዳግመኛ «ኮሚት» ብላችሁ ካላጸደቃችሁት ግን ራውተሩ ሳይጠፋ፣ እንግዳ ሳይቋረጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሲስኮ ላይ በሪሎድ የምንለፋበትን ሥራ በአንድ ትእዛዝ ጨርሶታል፤ ዋጋው ግን ለትንሽ ሆቴል የሚቀመስ አይደለም።